ማር የተቀባ ቋንጣ

ቋንጣ ማድረቅ ምን ያስቸግራል? ሥጋውን መዘልዘል፣ ጨውና በርበሬ ማሸት፣ ገመድ ላይ መስቀል፣ አለቀ። የቀረውን ነፋሱ ይሠራዋል። የሰው ድርሻ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ የሆነበት ሌላ ሙያ መኖሩን እንጃ። ይህንን ሙያ ይዤ ነው እንግዲህ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ አንድ ሰፈር ሙሉ ያሳቅኩት፣ አንድ ቄስ ጾም ላስገድፍ ለጥቂት የተረፍኩት፣ አንዲት ጭላት ደግሞ ደህና አድርጌ ያበላሁት። ቡናችሁን ቅዱና ላጫውታችሁ። በአቦል የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ወሬዬ መንገድ መሳት ስለሚወድ ቶናውን ተሻግረን በረካው ላይ መድረሳችን አይቀርም።

ጀርመን አገር፣ ሙኒክ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። አብረን ነው ያደግነው፤ እሱ ቁም ነገረኛ ሆኖ ወጣ፣ እኔም ይኸው አለሁ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደወለና፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ጤፉም በርበሬውም ይገኛል፤ የእማዬ ቋንጣ ግን የለም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደዚህ የሚመለስ ጓደኛ አለኝ። ዓለም ከተማ ብቅ ብለህ ትንሽ አምጣልኝ" አለኝ። ልብ በሉ፤ "አምጣልኝ" ነው ያለው። "ሥራልኝ" የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ የሰማሁት "አንተ የሙያ ሰው፣ ድረስልኝ" የሚል ነው። ጆሮዬ አመሉ ነው፤ ከሰው አፍ የወጣውን አሳድጎና አሰማምሮ ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባልኝ።

ዓለም ከተማ ላይ ጀርመን ሲባል ባዕድ አገር የተጠራ አይመስልም። በ"ሲሲ" ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የተወነው ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 "ሰዎች ለሰዎች" የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ መርሐቤቴ ድረስ ዘልቋል፤ እናት ሆስፒታል የዚያ ድርጅት ሥራ ነው። (ሰውዬው ያረፈው እኔ ቋንጣ አደርቃለሁ ባልኩበት በዚያው ዓመት፣ ግንቦት ላይ ነው፤ ነፍሱን ይማር።) ሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ እኅት ከተማ ናት። ስለዚህ አክስቴ፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ "ልጄ ፋተርሽቴተን አጠገብ ነው" ሲሉ ሰሚው ሙከጡሪ አጠገብ የተባለ ያህል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የአደራውን ክብደት እንድታውቁልኝ ነው። አደራ ሲከብደኝ ደግሞ እኔ ምን አደርጋለሁ? እጨምርበታለሁ። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና ዓለም ሥጋውን እንዴት እንደሚያደርቅ ማንበብ ጀመርኩ። ደቡብ አፍሪካዎች በአቼቶና በድንብላል አሽተው በነፋስ ያደርቁታል፤ ቢልቶንግ ይሉታል። የናይጄሪያ ሐውሳዎች በስሱ ዘርግተው በፀሐይ ያደርቁና የተፈጨ ለውዝና በርበሬ ቀብተው መልሰው እሳት ያስነኩታል፤ ኪሊሺ ነው ስሙ። እነሱ ቅመሙን የሚቀቡት ሥጋው ከደረቀ በኋላ መሆኑን አንብቤያለሁ። አንብቤ አለፍኩት። አሜሪካኖች ደግሞ በሶያ ሶስ፣ በማር ወይም በስኳር፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ዘፍዝፈው ያሳድሩትና በማሽን ወይም በኦቨን ያደርቁታል። የማር ባለ ጣዕም፣ የጢስ ባለ ጣዕም፣ የሚያቃጥል ባለ ጣዕም፣ የማያቃጥል ባለ ጣዕም። ልቤ እዚያ ላይ ቀረ። እናቶቻችን ስንት ዘመን በጨውና በበርበሬ ብቻ ሲደክሙ ኖረው፣ እኔ ደርሼ ዓይናቸውን ላበራላቸው ነው። ፕሪንት አስደርጌ፣ አራት አጥፌ፣ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ነበር።

ወረቀቱ ስለ ኦቨን የሚያወራ አንቀጽ ነበረው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እንኳ ሥጋው ከመድረቁ በፊት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሙቅ ብሎ ይመክራል። እትዬ ቤት ያለው ጉልቻ ነው፣ ምጣድ ነው፣ የከሰል ምድጃ ነው። "እሱን በፀሐይ እናካክሰዋለን" አልኩ። የመርሐቤቴ ፀሐይ ስንት ዲግሪ እንደሆነች ማንን ልጠይቅ? ሶያ ሶሱንና አቼቶውን ከሱፐርማርኬት ገዛሁ፤ ማሩን ከዚያው ከአገሩ እወስዳለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መንገዱ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ ግን ልቆጣጠር። በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ሙከጡሪ ላይ ከጎጃሙ መንገድ ወደ ቀኝ ተገነጠልን። ለሚን ስትጨርሱ መሬቱ ያልቃል። ድንገት ነው የሚያልቀው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ጀማ ወንዝ፣ ከጀማ ማዶ ሽቅብ መርሐቤቴ። ቁልቁለቱን ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭኔ ላይ ያቀፍኩትን ጥቁር ጠርሙስ አዩና "እግዜር ይማርልህ፤ ማን ታሞብህ ነው?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ የሥጋ ቅመም ነው።"

ጠርሙሱን ትክ ብለው አዩት። "በርበሬ ጠፋ እንዴ?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዶች ተቀምጠው ሣራቸውን ይነጫሉ። ሣር በል መሆናቸውን ያን ቀን ልብ አላልኩትም፤ ኋላ ላይ፣ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ሲዘምትብኝ፣ እነሱ ብቻ ባለመምጣታቸው አመስግኛቸዋለሁ።

አሁን ሒሳቡን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። በዚያ ዓመት ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሐሙስ ዋለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እሑድ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ሥጋ ይበላል፤ ዓርብ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ይበላል፤ ከእሑድ ጀምሮ እስከ ገና እትዬ ቤት ሥጋ የሚባል ነገር አይነሣም። ጎረቤቱ ለሚካኤል ቅርጫ የገባውም፣ ሴቶቹ ከመደቡ ቀንሰው ቋንጣ የሚሰቅሉትም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ሰው በሚጾምበት ሰሞን ሥጋው ይደርቃል፣ ለገና ይደርሳል። ኅዳር ደግሞ ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ብርድ ያዘለ ነው፣ ዝንቡ ቀንሷል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለ ወረቀት እዚያ ሰፈር ውስጥ ይዞራል።

በሬው ተጣለ፣ መደቡ ተደለደለ፣ ዕጣ ተጣለ፤ የጋሼ፣ ማለትም የአክስቴ ባል፣ መደብ ደህና ታፋ ይዞ ወጣ። ሥጋው ቤት ሲገባ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

"አንተ ምን ልትሆን ነው?" አሉ እትዬ።

"እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ያርፋሉ። ቋንጣውን እኔ ነኝ የምሠራው።"

እትዬ መልስ አልሰጡኝም። ወደ ጋሼ ዞር ብለው አዩ። ጋሼ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ "ተይው፣ ይሞክር፤ በሬው እንደሆነ ሞቷል" አሉ።

መዘልዘል ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቢላዋው እስኪያዝ ድረስ። እትዬ ጡጫ የምታክል ሥጋ በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ ቢላዋውን በሥጋው ዘር አቅጣጫ ይሰዱታል፤ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ያቆሙታል፤ ሥጋውን ገልብጠው ከዚያው ይመለሱበታል፤ ደግሞ ጫፍ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ይገለብጣሉ። ያቺ ጡጫ ሥጋ ተዘርግታ ተዘርግታ ክንድ ትሆናለች፣ ከክንድም ታልፋለች፤ አንድም ቦታ አትበጠስም፤ ውፍረቷም ከጫፍ ጫፍ አንድ ነው። ይህ ደግሞ ለውበት አይደለም። ጥሬ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ውሃ ነው፤ ሳስቶ ነፋስ በሁለቱም ጎኑ ካላገኘው ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል። ስብና ሞራ የታየ እንደሆነ ደግሞ እትዬ በቢላዋ ጫፍ እየጠቆሙ ያወጡታል፤ ስብ አይደርቅም፣ ይኮመጥጣል እንጂ።

የኔው ግን... ጀመርኩ፤ ተበጠሰ። ሌላ አነሣሁ፤ ወፈረ። ሌላ አነሣሁ፤ ከአንድ ጎን ወረቀት ሆኖ ከሌላው ጎን ጉቶ ሆነ። ስቡን አልነካሁትም፤ "ስብ ጣዕም ነው" የሚል መስመር የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ መሰለኝ፣ ካላነበብኩም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። እትዬ ትሪዬን አይተው "ይኼ ለቋንጣ ነው ለጥብስ?" አሉ፤ ከዚያም መልሴን ሳይጠብቁ ከሥጋው ግማሹን ወደራሳቸው ትሪ ሳብ አደረጉት። "ይኼ እኔ ዘንድ ይሁን። ለልጄ ነው፤ የባሰ ቢመጣ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እኔም ለአሮጌው ባህል ዕድል መስጠት ደግነት መስሎኝ ፈቀድኩ።

እትዬ የራሳቸውን በጨው አሹት፣ በርበሬና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ጨመሩበት፣ ማድ ቤት ገብተው ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ በሚያልፍበት በኩል ሰቀሉት። ጢሱ ዝንቡን ያርቃል፣ ጨውና በርበሬው ቀሪውን ይጨርሳል። ነገሩ ሁሉ አንድ ስኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ዘማች ስንቁን፣ ከበሶው ከጭኮው ከድርቆሹ ጋር፣ በዚሁ ዓይነት አሰናድቶ ነው በ1888 ዓ.ም. አድዋ ድረስ የተጓዘው። ጋሼ ራሳቸው በወጣትነታቸው ኦጋዴን ዘምተው ነበር።

እኔ ደግሞ ሳህን ዘረጋሁ። ሶያ ሶሱን አንቆረቆርኩ። አቼቶ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል። ከዚያ ማሩ መጣ፤ ከጎረቤት የተገዛ፣ ወፍራም፣ መልካም ማር። ወረቀቱ "2 የሾርባ ማንኪያ" ይላል። የመርሐቤቴ ማር በማንኪያ ሲለካ አፍራለሁ ብዬ ጣሳውን ገለበጥኩት። ጨው አላስፈለገኝም፤ ሶያ ሶስ ጨው አለው አይደል? ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚባለው ለጨው ነው እንጂ ለሶያ ሶስ አልተባለም።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ሥራዬን አዩ። አዩ፣ አዩና፣ "እኛ ኦጋዴን ስንወርድ ማር የተቀባ ቋንጣ አልሰጡንም። ለዚህ ይሆን እንዴ የተጠማነው?" አሉ። እየቀለዱ ይሁን እየጠየቁ ፊታቸው ላይ አይነበብም። የመንዝና የመርሐቤቴ ሽማግሌ ሲቀልድ ፊቱን አያሳትፍም።

ማድ ቤቱ ጢስ ነው፤ ጢስ ደግሞ የኔን ስስ ጣዕም ያበላሽብኛል። ስለዚህ በረንዳው ክፈፍ ሥር፣ ልክ መግቢያው በር ላይ፣ የልብስ ገመድ ወጥሬ አንድ በአንድ ሰቀልኩት። ከመንገድ ይታያል። እንዲታይም ነበር የፈለግኩት። ማታ ከመተኛቴ በፊት ወጥቼ አየሁት፤ በጨረቃ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጭ ነገር ደረቅ አለመሆኑን እንቅልፍ ያልያዘው ሰው ያውቀዋል።

ማር ውሃ ወዳጅ ነው። ከሥጋው የሚወጣውን ውሃ ይይዛል፤ አልበቃ ሲለው ከአየሩ ይስባል። የኅዳር ሌሊት ደግሞ ጤዛው እንዴት ነው! አሜሪካኖቹ ስኳራቸውን በኦቨን ሙቀት ነው የሚረቱት፤ እኔ የረታሁበት ነገር አልነበረም። ዓርብ ሲነጋ ቋንጣዬ ከዋዜማው ይልቅ እርጥብ ሆኖ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ወርቅማ ጠብታ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ንቦቹ መጡ። ማሩን የሸጡልኝ ጎረቤት ቀፎ ቅርብ ነው፤ ንቦቹ ንብረታቸውን ሊያስመልሱ የመጡ ይመስለኛል፣ በሕግም ቢሆን ይረቱኛል።

አሁን ወደ ዋናው ውርደት ደረስን። ስኒያችሁን አስቀምጡ።

የእትዬ የንስሐ አባት በሚካኤል ማግስት ጠበል ሊረጩ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ በቀኝ እጃቸው መስቀል። በሩ ላይ ቆመው፣ ልክ ገመዴ ሥር ቆመው፣ ጸሎቱን ጀመሩ። እትዬ ዕጣን ሊያመጡ ጓዳ ገብተዋል። እኔ መስቀል ልሳለም ጎንበስ ብያለሁ። ጠብ! አንዲት ጠብታ ጋቢያቸው ላይ አረፈች። አላዩዋትም። እኔ አየኋት። ሰው በዚህ ጊዜ ምን ይላል? "አባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ" ይላል። አራት ቃል ነው። አራቱም ጠፉኝ።

ጠብ! ሁለተኛዋ የእጃቸው ጀርባ ላይ። አሁን አዩዋት። ወርቅማ፣ የምታበራ። ቀና ሲሉ ንቦቹ በራሳቸው ዙሪያ ይዞራሉ። ፊታቸው በራ። "እሰይ! ማር ቆረጣችሁ እንዴ?" አሉኝ። ማር ደግሞ ጾም አይደለም? የተፈቀደ ነው፤ ዓርብም ቢሆን፣ ሁዳዴም ቢሆን። አባ በሌላኛው እጃቸው ጣት ጠብታዋን ጠረግ አደረጉና ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

ያቺ ጣት ከእጅ ጀርባ እስከ ከንፈር የተጓዘችበት መንገድ ከለሚ እስከ ጀማ ካለው ቁልቁለት ይረዝማል። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አስታውሳለሁ። አፌን ከፍቻለሁ፤ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ጺማቸውን አለፈች። ከንፈራቸው ተከፈተ...

"አባቴ! ሥጋ ነው! ዓርብ ነው!"

እትዬ ናቸው፤ ዕጣን ማጨሻውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ ያሉት። ጣቷ አየር ላይ ቆመች። አባ ጣታቸውን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምን?"

"ቋንጣ ነው አባቴ" አልኩ፤ ድምፄ አሁን ነው የመጣልኝ፣ ያውም ቀጥኖ።

"ቋንጣ ማር ያንጠባጥባል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። "ባለ ጣዕም ነው" አልኩ።

ፀጥ አለ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ አጥሩ ራሱ የሚስቅ መሰለኝ። ምነው ሸዋ! ምድር አትዋጥም እንጂ ያን ጊዜ ለመዋጥ የኔን ያህል የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። አባ ጣታቸውን በረንዳው ቋሚ ላይ ቀስ አድርገው ጠረጉ፤ አሁንም አልተቆጡም። ጠጋ ብለው፣ በጣም በለሆሳስ፣ "ልጄ፣ የንስሐ አባት አለህ?" አሉኝ።

"አለኝ አባቴ፤ አዲስ አበባ ናቸው።"

"ስትመለስ ንገራቸው" አሉና ጠበላቸውን መርጨት ቀጠሉ። እኔ ላይ ጨመር ያደረጉት ይመስለኛል።

ቀትር ሳይሆን ስሜ ተቀየረ። ሱቅ ሳሙና ልገዛ ብወጣ ሕፃናቱ "ባለ ማሩ መጣ! ባለ ማሩ!" እያሉ ተከተሉኝ። የጋቢውን ጠብታ ያጠበችው እትዬ ቤት የምትረዳው ልጅ ናት፤ እያጠበች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታጥባለች። ለመደበቂያ የሚሆን ክፍል ፈለግኩ፤ ሁሉም በረንዳው ላይ ነው የሚከፈተው።

ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም። ችግሩ ቦታው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ጥላ በዛበት፣ ፀሐይ አነሰው። ቅዳሜ በማለዳ ገመዱን ፈትቼ ግቢው መሐል፣ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ፣ ከዛፉ እስከ አጥሩ ወጠርኩት። ሰማይ የተከፈተው ለፀሐይ ብቻ አለመሆኑ ትዝ አላለኝም። ገና እጄን ሳልታጠብ ጭላቷ ወረደች። ከሰው እጅ ሥጋ የምትነጥቅ ወፍ፣ እንዲህ ተሰጥቶላት ስታይ ምን ትላለች? አንዱን ጎትታ ተነሣች፤ ማሩ ደግሞ አጣብቆታል፣ ቋንጣው ከቋንጣው፣ ቋንጣው ከገመዱ፤ ገመዱ ተጎተተ፣ የአጥሩ በኩል ተፈታ፣ ሁሉም ተያይዞ አፈር ላይ ወረደ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ የጎረቤት ድመት ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ደርሳ ድርሻዋን አነሣች። እኔ ጫማዬን ወደ ሰማይ ወረወርኩ። ጫማው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ቀረ። በአንድ እግሬ ካልሲ፣ በእጄ የገመድ ጫፍ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው ጋሼ ወጥተው፣ ሰማዩንም ምድሩንም አይተው፣ "ቅርጫው ለካ አላለቀም" ብለው የተመለሱት።

የተረፈውን እትዬ ሰበሰቡት። ስንጥቅ አድርገው አሳዩኝ፤ ላዩ ይሙለጨለጫል፣ ውስጡ ቀይ እርጥብ ነው፣ ስቡ መሽተት ጀማምሮታል። የሸተተውን ለውሻ ለዩ፤ ደህና ደህናውን አፈሩን አጥበው ምጣድ ላይ ጣሉት። ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ካልተበላ መቼም አይበላም። ማሩ ቶሎ አረረ፤ ጢሱ ሰፈሩን ዞረ። እነዚያው "ባለ ማሩ" እያሉ ያሳደዱኝ ሕፃናት ተጠርተው ትሪውን ከበቡ፤ ለልጅ ጣፋጭ ሥጋ ምን ይጠላል? ጋሼም አንድ ቀመሱ። ረጅም ጊዜ አላመጡ። "ይጣፍጣል" አሉ። ደስ አለኝ። ደግሞ አላመጡ። "ጥርስ ለማውጣት" ብለው ጨረሱት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያን ማታ ግን ሙኒክ ወደሚበረው ሰው ደወልኩ፤ የእትዬ ቋንጣ ሲደርቅ በሾፌር ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፣ ከኔ ትወስዳለህ ልለው። ከመነሣቴ በፊት ያልደወልኩለት ሰው ነው።

"ሥጋ?" አለ። "ኧረ ወንድሜ! የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ ሥጋና የወተት ነገር አያስገባም። የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ነው። ኤርፖርት ላይ አውጥተው ይጥሉታል። በርበሬ ካለህ አምጣ፣ ሽሮም እወስዳለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ለእትዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እና አንተ ይኼን ሁሉ የመጣኸው ሳትጠይቅ ነው?" አሉኝ። ጋሼ በኔ ፈንታ መለሱ፦ "ወረቀቱ ላይ የለም ይሆናል።"

የማድ ቤቱ ቋንጣ በቀኑ ደረቀ፤ ስትሰብሩት ቀጭ የሚል፣ ጥቁር ቀይ። እትዬ ቃላቸውን አላጠፉም፤ በላስቲክ ቋጥረው በአውቶቡስ ሾፌር ላኩልኝ። ሽሮውና በርበሬው ሙኒክ ሄዱ። ቋንጣው ኩሽናዬ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነቢያትን በሙሉ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ የገና ዕለት በቅቤና በበርበሬ ቁሌት አስነክቼ እንጀራ ፈረፈርኩበት። ስለሱ ጣዕም ብዙ ባወራ የአክስቴን ልጅ መበደል ነው። እሱ ዛሬም ሲደውል "ቋንጣዬ እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደህና ነው" እለዋለሁ። ሙኒክ ውስጥ የራሱን መሥራት ጀምሯል፤ ክረምት ሲመጣ ከቤት ማሞቂያው በላይ ገመድ ይወጥራል፤ ጨውና በርበሬ ብቻ።

ዓለም ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ታዲያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የእትዬን ቤት በኔ ስም አትጠይቁ፣ ማንም አያውቀውም። "የባለ ማሩ አክስት" በሉ፤ ያገኛችሁት ሕፃን እየሳቀ በር ድረስ ያደርሳችኋል። ከጾም ውጭ ከሆነ ፍርፍር ሳትበሉ አይሸኟችሁም። ጎረቤቱን ደግሞ በደንብ ሰላም በሉልኝና፣ ቆርቆሮው ላይ ስለቀረው ጫማ ቀስ ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ የግራው ነው።